ከገበያ ቢጠፋም ከሀገር እንዳይጠፋ

አቅራቢ 1፦ የዛሬው ጉዳያችን ወመዘክር ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን።

አቅራቢ 2፦ ብዙ ሰው የሚያውቀው በማንበቢያ አዳራሹ ነው። ትልቁ ኃላፊነቱ ግን ለትውልድ ማስቀመጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት በሀገር ውስጥ የታተመ ሥራ ቅጂው እዚያ መግባት አለበት።

አቅራቢ 1፦ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት አንባቢ የሚፈልገውን ይመርጣል፣ ያረጀውን ያስወግዳል። ብሔራዊው እንዲህ ማድረግ አይችልም። ዛሬ ማንም የማይገልጠው በራሪ ወረቀት ወይም የትምህርት ቤት መጽሔት ለነገ ታሪክ ጸሐፊ ዋና ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

አቅራቢ 2፦ በውጭ ሀገር የታተመውም አለ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው። እንዲህ ያለውን ፈልጎ ማምጣት ያስፈልጋል።

አቅራቢ 1፦ ከመጣም በኋላ እንክብካቤ ይሻል። ብራና ዘመናትን ይሻገራል፤ የጋዜጣ ወረቀት ግን በውስጡ ባለው አሲድ ቢጫ ሆኖ ይፈረካከሳል።

አቅራቢ 2፦ ታዲያ ሁሉንም ስካን ብናደርገው አይበቃም?

አቅራቢ 1፦ ያግዛል እንጂ አይተካም። ፋይልም በየጊዜው ካልተገለበጠና ካልታደሰ ይጠፋል። ለወረቀቱም ለፋይሉም ባለሙያና በቂ በጀት መመደብ አለበት።

አቅራቢ 2፦ እኛም ድርሻ አለን። ደራሲያን፣ አሳታሚዎች፣ ማተሚያ ቤቶች፦ በግል ወጪ የወጣ ትንሽ መጽሐፍም ቢሆን ቅጂውን ለወመዘክር አስገቡ። ከገበያ ያለቀ መጽሐፍ ከሀገር እንዳይጠፋ የሚያደርገው ይህ ነው።