ከኀልዮ ወደ ገቢር፣ ከገቢር ወደ ኀልዮ፦ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት የምንማረው
(በማክሰኝት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የምናገረው ምኞታችንና ሐሳባችን ጠባያችንንና ሥራችንን እንዴት እንደሚቀርጹ ነው።

አበው የሰውን ሥራ በሦስት ይከፍሉታል፤ ኀልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር ይሉታል። ኀልዮ በልብ የታሰበው፣ ነቢብ በአንደበት የተነገረው፣ ገቢር በእጅ የተፈጸመው ነው። ንስሐ የሚገባ ሰው ስለ ሦስቱም ይጠየቃል። ስለዚህ በአበው ትምህርት ሐሳብ ገና ከልብ ሳይወጣ ከሥራ ይቈጠራል። «ምኞት አይከለከልም» እንላለን፤ እውነት ነው፣ የሚከለክለው ዳኛ የለም። ምኞት ግን ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ብዙ ዘመን የተመኘነው ነገር ዓይናችን የሚያየውንና የሚያልፈውን ይመርጥልናል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» መባሉም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መንገዱ የሚሄድ ብቻ ሳይሆን የሚመለስም ነው። ኀልዮ ገቢርን ይወልዳል፤ ገቢርም ተመልሶ ኀልዮን ይለውጣል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው የፍትሕን ሥራ በመሥራት ነው ሲል ያስተማረው ይህንኑ ነው። ክፉ ሥራን የለመደ እጅም እንዲሁ ልብን ያስለምዳል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ማስረጃውንም ከሩቅ አላመጣም።

ማክሰኝት በሁለት የታሪክ ስፍራዎች መካከል ተቀምጣለች። ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንሄድ ጎንደርን እናገኛለን። ወደ ደቡብ በእንፍራዝና በአዲስ ዘመን አድርገን ከወረታ ወደ ምሥራቅ ብንታጠፍ ደብረ ታቦር እንደርሳለን፤ በአጠገቧም መድፍ የተሠራባት ጋፋት አለች። ሁለቱም ስፍራዎች የዐፄ ቴዎድሮስን ምኞት ያውቁታል፤ ጋፋት ሲሠራ፣ ጎንደር ሲያቃጥል አይታዋለች። ስለ እኒህ ንጉሥ በዚህ አገር ሰው ፊት እንዲህ መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የምንወዳቸው ናቸው፤ ከተማችንን ያቃጠሉም እሳቸው ናቸው።

በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲነግሡ፣ የቋራው ካሣ ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህ ተራ ስም አልነበረም። ከመከራ ዘመን በኋላ በጽድቅ የሚገዛ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ እንደሚነሣ በፍካሬ ኢየሱስ ተጽፎ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ሲጠብቀው የኖረ ስም ነበር። ንጉሡ ምኞታቸውን ስማቸው አደረጉት።

ምኞቱም በነቢብ አልቀረም። በዘመነ መሳፍንት ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ የሰው ጥሪት ይበላ ነበር። እሳቸው ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ፤ የባሪያ ንግድን ከለከሉ፤ ወታደሩ ከገበሬ መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር ለማድረግ ሞከሩ። መንገድ ሲሠራም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። በዚያን ጊዜ ሐሳባቸውና እጃቸው አንድ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የጦሩን ቀለብ የሚችል ገንዘብ ታጣ። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ያወጡት ሥርዐት ከካህናቱ ጋር አጣላቸው። ዓመፅ በየአውራጃው ተነሣ። ሚስታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤልም ተገደሉ። ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ አጣ። ያ በደመወዝ ሊያድር የታሰበ ጦርም ተመልሶ ከገበሬው ጎተራ በላ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች።

ብዙ ሰው ይህን ሲተርክ «ንጉሡ ሐሳባቸውን ለወጡ» ይላል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ሐሳባቸውን አልተዉም እላለሁ፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው። በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው በመጻሕፍት ሊያበለጽጉት አስበው ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። መጻሕፍቱ ግን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተወስደው የሄዱ ናቸው። ከዚያም በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ወደ 350 የሚጠጉት የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተጋዙ። በጋፋት የተሠራው 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም እንዲሁ ነው። አገርን ለማስከበር የታሰበው መድፍ በወራት ድካም፣ በሰው ጉልበት፣ በበሽሎ ሸለቆ አልፎ መቅደላ ወጣ፤ ያንን ድካም ግን አልካሰም። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ሞቱ።

«መኳንንቱ ከዷቸው፤ ዘመኑ አስገደዳቸው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ፈተናው ከባድ ነበር። ነገር ግን ያው ፈተና የሚመልሰው ጥያቄ አለ። ንጉሡ ለሐሳባቸው የሚከፈለውን ዋጋ መጀመሪያ ከራሳቸው ትከሻ ከፈሉ፤ ድንጋዩ ምስክር ነው። በኋላ ዋጋውን ያልተጠየቀ ሰው፣ ገበሬው፣ የጎንደር ነጋዴና ካህን እንዲከፍለው አደረጉ። ይህ አንድ ጊዜ ሲደረግ ያማል፤ ሁለተኛ ሲደረግ ይለመዳል፤ ሦስተኛ ሲደረግ መብት ይመስላል። ገቢር ኀልዮን የሚለውጠው እንዲህ ነው። የሐሳቡ ስም እንደ ነበረ ይቈያል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ሕጋችንም ይህን ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 58 ጥፋትን ፈልጎ የሠራውን ብቻ አስቦ እንዳጠፋ አይቈጥርም። ድርጊቱ ጥፋት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ የሠራውንም አብሮ ይቈጥራል። እንግዲህ የሐሳባችን ድንበር ከምንመኘው ግብ ላይ አያበቃም፤ እያወቅን ያለፍነውንም ጉዳት ያጠቃልላል።

እኛ መድፍ አንጎትትም፤ ከተማም አናቃጥልም። ነገር ግን ልጆቹን ለማስተማር ብሎ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ፣ የወላጆቹን ድካም ለመካስ ብሎ ፈተና የሚኮርጅ ተማሪ፣ ወገኑን ለመርዳት ብሎ የሌላውን ተራ የሚያሳልፍ ሠራተኛ በመካከላችን አለ። እያንዳንዱ ስለ ሐሳቡ ቢጠየቅ መልካም ሐሳብ ይነግራችኋል፤ አይዋሽምም። ሐሳቡን የሚከፍልለት ማን እንደ ሆነ ብትጠይቁት ግን ዝም ይላል።

ስለዚህ ለእናንተ፣ በተለይም ለተማሪዎቻችን፣ አንድ ልማድ አደራ እላለሁ። ማታ ማታ የተመኛችሁትን ስታስቡ፣ ምኞቱ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ ብላችሁ አትመዝኑት። ዛሬ ለዚህ ምኞት የደከመው የማን ጀርባ ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የኔ» ከሆነ ቀጥሉ። መልሱ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ገና አንደኛው ጊዜ ሳለ፣ ገና ሳለ የሚያማችሁ፣ ተመለሱ። ዐፄ ቴዎድሮስን ማክበር የምንችለው ድንጋይ የተሸከሙበትን ቀን ወርሰን፣ ጎንደር ከተቃጠለችበት ቀን ስንማር ነው።