ተጠቃሚ ሲለወጥ አብሮ የሚሄደው ጓዝ



«ኤስዩ» የተባለው ትእዛዝ የዩኒክስ አብሮ አደግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በቤል ላቦራቶሪ በወጣው የመጀመሪያው መመሪያ ውስጥ ይገኛል። ሥራውም በአንድ ስም የገባ ባለሙያ ሳይወጣ የሌላውን፣ በተለይም የሩትን፣ ሥልጣን እንዲይዝ ማድረግ ነው። በ1979 ከሰባተኛው እትም ጋር ግን አንድ ነገር ተጨመረ፤ ይኸውም ፕሮግራም ለሚወልደው ፕሮግራም የሚያወርሰው የስምና የዋጋ ዝርዝር፣ ኢንቫይሮንመንት የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲህ «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄና «ምን ይዟል?» የሚለው ጥያቄ ለየቅል ሆኑ።

ኤስዩ ያለ ጭረት ሲጠራ የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ይለውጣል እንጂ ዝርዝሩን አይጠርግም። በሊኑክስ የታወቀው የዩቲል-ሊኑክስ ኤስዩ ሆምንና ሼልን ያድሳል፤ አዲሱ ተጠቃሚ ሩት ካልሆነ ዩዘርንና ሎግኔምን ይጨምራል። የትእዛዞች መፈለጊያ የሆነው ፓዝ ግን የቀድሞው ሰው ፓዝ ነው።

ደቢያን 10 በ2019 ሲወጣ ይህ ጠባይ በብዙ ጠረጴዛ ላይ ታየ። ደቢያን የቆየውን ኤስዩ በዩቲል-ሊኑክሱ ተክቶ ነበር፤ የቆየው ፓዝን ያድስ ነበር፣ አዲሱ አያድስም። ስለዚህም ሩት የሆነው ባለሙያ «ዩዘርአድ» ብሎ ሲጽፍ ትእዛዙ አልተገኘም ይባላል። ፕሮግራሙ በቦታው አለ፤ የተራው ተጠቃሚ ፓዝ ግን የአስተዳዳሪ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ማውጫ አያውቀውም።

ትእዛዝ አለመገኘቱስ ደግ ጥፋት ነው፤ የከፋው የማይገባው ትእዛዝ ሲገኝ ነው። የአንድ ተጠቃሚ ፓዝ በነጥብ፣ ማለትም አሁን ባለበት ማውጫ፣ ይጀምራል እንበል። በዚያ ማውጫ «ኤልኤስ» የሚል ሐሰተኛ ፕሮግራም ተቀምጧል። ሊረዳ የተጠራው አስተዳዳሪ በዚያው ሰው መቀመጫ ላይ ኤስዩ ብሎ ፋይሎቹን ሊያይ ኤልኤስ ሲጽፍ፣ ሐሰተኛው ፕሮግራም በሩት ሥልጣን ይሠራል። ጥያቄም ማስጠንቀቂያም የለም።

ጭረት ሲጨመር ኤስዩ እንደ ተርም ካሉ ጥቂቶች በቀር የቀድሞውን ዝርዝር ይጠርጋል፣ ፓዝን አዲስ ያደርጋል፣ ወደ አዲሱ ሰው ቤት ማውጫ ይገባል። ቅር የሚያሰኘው፣ ተጠቃሚው ያስገባው የፕሮክሲ አድራሻም አብሮ መጥፋቱ ነው። ይህን ሽሽት ዝርዝሩን እንዳለ የሚያቆየውን አማራጭ የሚይዙ አሉ፤ ያን ጊዜ ሆም የተጠቃሚው ሆኖ ስለሚቀር ፕሮግራሞች በሩት ስም የተያዙ ፋይሎችን በቤቱ ይጥላሉ፤ ባለቤቱም በኋላ የገዛ ራሱን ማስተካከያ መለወጥ ያቅተዋል።

በ«ሎጊን ዴፍስ» ፋይል ውስጥ «ኦልዌይስ ሴት ፓዝ» የሚለውን የሚያበራ ሰው ያለ ጭረትም ፓዝን ያሳድሳል፤ የቀረው ጓዝ ግን እንደ ወትሮው ይከተላል።