«ቀጥ በይ!» ከማለታችን በፊት
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 ስለ ልጆች ጤንነት እንድንናገር የበዓሉ ኮሚቴ ሲጠይቀን «እኛ ታክሲ ነጂ እንጂ ሐኪም አይደለንም» ብለን ነበር። «በቤታችሁ የደረሰውን ተናገሩ» ስላሉን፣ ያየነውንና ከሐኪሞች የተማርነውን እናካፍላችኋለን።

ልጃችን 12 ዓመት ሲሞላት አንድ ትከሻዋ ዘንበል ማለት ጀመረ። ከሌሊት ሥራ ደክመን ስንገባ እሷ ለትምህርት ቤት ስትሰናዳ እንገናኛለን፤ የምንላትም አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቀጥ በይ!» ቦርሳዋን፣ ስልኳን፣ አቀማመጧን ስንወቅስ ወራት አለፉ። አንድ ቀን «አባዬ፣ ቀጥ ብዬ እኮ ነው የቆምኩት» አለችን። መልስ መመለስ አበዛች ብለን ተቆጣናት።

ነገሩ የተገለጠው ለእንቁጣጣሽ የሐበሻ ቀሚስ ስትለካ ነው። የቀሚሱ ጥለት በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ታየ። እናቷ የሰፊው ስሕተት መስሏት ሌላ ብታለብሳት፣ ያም እንደዚያው ሆነ። ለካስ የተጣመመው ቀሚሱ አልነበረም።

ይህ ሕመም ስኮሊዮሲስ ይባላል። አከርካሪ ወደ ጎን ይጣመማል፤ በዚያው ላይ በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል። ጥመቱ በራጅ ተለክቶ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ስሙ የሚሰጠው። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 ከሆነ 100 ልጆች በ2 ወይም በ3ቱ ላይ ይገኛል። የመባባሱ ዕድል በሴቶች ልጆች ላይ ይበልጣል፤ በቤተሰብም ይሄዳልና አንዱ ልጅ ከተገኘበት እኅት ወንድሞቹም ይታዩ። መነሻው በአብዛኛው አይታወቅም። ከባድ ቦርሳም ሆነ አጎንብሶ መቀመጥ አያመጣውም። እንግዲህ ያን ሁሉ ወራት ልጃችንን የተቆጣናት ባላጠፋችው ነገር ነበር።

ለምን ዘገየን? ልጅ ራሱን ችሎ መታጠብ ከጀመረ በኋላ ጀርባውን የሚያይለት የለም። ሕመሙም ብዙ ጊዜ አያሳምም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ይህን አድርጉ። ልጁ ጀርባው እንዲታይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ሴት ልጅ ከሆነች እናቷ ትይላት። ትከሻዎቹ እኩል ናቸው? የወገቡ ሁለት ጎኖች ይመሳሰላሉ? ዳሌው በአንድ በኩል ከፍ ብሏል? ቀጥሎ እግሮቹን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ እጆቹን አንጠልጥሎ ያጎንብስ። ከኋላ ሆናችሁ ስትመለከቱ በአንድ ወገን ጎድኑ ወይም ወገቡ ጉብ ካለ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የአጥንት ሐኪሞች ሴቶች ልጆች በ10 እና በ12 ዓመታቸው፣ ወንዶች በ13 ወይም በ14 ዓመታቸው እንዲታዩ ይመክራሉ።

ሕክምናው በዲግሪውና ልጁ ገና በሚያድገው መጠን ይወሰናል። ጥመቱ ከ25 ዲግሪ በታች ከሆነ በየወራቱ እየታየ ይጠበቃል። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ከ25 እስከ 40 ሲሆን ብሬስ የሚባለው የፕላስቲክ ደጋፊ ከልብስ ሥር ይታሰራል። ወደ 50 ሲደርስ ስለ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በ2013 በአሜሪካና በካናዳ የተደረገ ጥናት ውጤት ሲታተም፣ ብሬስ ከታሰረላቸው ልጆች ከ100 በ72ቱ ጥመቱ ለቀዶ ሕክምና ከሚያሳስበው ደረጃ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ካልታሰረላቸው ግን በ48ቱ ብቻ። በቀን ብዙ ሰዓት ያሰሩትም የበለጠ ተጠቅመዋል። ብሬስ የተጣመመውን ያቃናል ማለት አይደለም፤ እንዳይብስ ይይዘዋል እንጂ። ዕድገት ካበቃ በኋላ ግን አይረዳም። ወጌሻም አሽቶ አያቃናውም። ጸሎቱንና ጠበሉን የሚከለክል ሐኪም የለም፤ ብሬሱን ግን አታስወልቁ። ልጁ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለው፣ እግሩ ከደከመ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።

በአገራችን የዘገየ ልጅ የሚደርስበትን እናውቃለን። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ፣ በአከርካሪ ቲቢና በስኮሊዮሲስ ጀርባቸው የጎበጠ ብዙ ልጆች ጋና ሄደው በዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ እንዲታከሙ አድርገዋል። ከእነዚህ ልጆች ጥመታቸው ከ100 ዲግሪ ያለፈ ነበሩ። እነሱ ያጡት ዕድል እኛ ዘንድ ሸሚዝ ገልጦ የማየት ያህል ቅርብ ነው። ኢንሹራንስ የለንም ብላችሁም አትቅሩ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች ሜዲኬይድ አለ፤ ከ1997 ጀምሮም ቺፕ የሚባለው ፕሮግራም አለ።

የልጃችን ጥመት መጀመሪያ ሲለካ 32 ዲግሪ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ብሬስ አሰረች። በበጋ ሙቀት አለቀሰች፤ ሰው «ምን ሆና ነው?» እያለ ሲጠይቅ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። ዛሬ ዕድገቷ አብቅቷል፤ ጥመቱ 35 ላይ ቆሟል፤ ቀዶ ሕክምናም አላስፈለጋትም። ይቅርታ ጠይቀናታል።

ማኅበራችንን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ቀን በመካከላችን ያሉ ነርሶች የልጆቹን ጀርባ ይዩልን። ብሬስ ያሰረ ልጅ ስታዩም ስለ ጀርባው ሳይሆን ስለ ትምህርቱ ጠይቁት።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።