ሥር የሰደደ የፊንጢጣ ስንጥቅና የቀዶ ጥገናው ምርጫ



ከሥቃይ ጋር ሐፍረት ተደርቦ አንደበትን የሚዘጋ ደዌ ብዙ አይደለም፤ ዛሬ ልናገርበት የቆምሁት የፊንጢጣ ስንጥቅ ግን ከእነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱ ስለ ሆነ፥ ድውዩ ሰገራ በተቀመጠ ቁጥር ብርቱ ሕመም እየተቀበለ፥ ከዚያም በኋላ ለሰዓታት እየተቃጠለ፥ ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳይነግር ወራት ያሳልፋል፤ በመጨረሻ ሲናገርም «ኪንታሮት ያዘኝ» ስለሚል፥ አንዳንዱ ከሐኪም ሳይደርስ ለማይገባውና ቆዳውን ለሚያቃጥል መድኃኒት ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

የነገሩ ጥንት እንዲህ ነው። የደረቀ ሰገራ በፊንጢጣ አፍ ያለውን ስስ ቆዳ ይቀድደዋል፤ ቅዳዱም አብዛኛውን ጊዜ ከበስተኋላ በመካከለኛው መሥመር ላይ ይገኛል። ከሥሩ ያለው የውስጠኛው መዝጊያ ጡንቻ ለሰው ፈቃድ የማይታዘዝ ስለ ሆነ፥ ሕመም በደረሰበት ቁጥር ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ቀድሞውኑ ደም በጥቂቱ የሚደርስበትን ያንኑ ስፍራ ይብስ ደም ይነፍገዋል፤ ደም ያጣ ቁስልም አይሽርምና ሕመም መኮማተርን፥ መኮማተርም ሕመምን ሲወልድ ይኖራል። ይህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አልፎት፥ በጠርዙ ትርፍ ቆዳ ሲበቅል፥ በወለሉም የጡንቻው ክሮች ሲገለጡ፥ ሥር ሰዷል ይባላል። ስንጥቁ ከመካከለኛው መሥመር ወጥቶ በጎን ከታየ ግን ሌላ ደዌ፥ ይኸውም የአንጀት ብግነት ወይም የሳንባ ነቀርሳ ዘር ወይም ካንሰር ተሸሽጎ ይሆናልና፥ ምክንያቱ ሳይመረመር ቢላዋ አይነሣም።

ስለዚህ የቀዶ ጥገና ሊቃውንት የደከሙት ቁስሉን ለመስፋት ሳይሆን ጡንቻውን ለማላላት ነው። ፈረንሳዊው ረካሚዬ እ.ኤ.አ. በ1838 ፊንጢጣን በኃይል መለጠጥን ገለጸ፤ ብዙዎችም ተፈወሱበት። ነገር ግን በጣት ኃይል የሚለጠጥ ጡንቻ የትና ምን ያህል እንደሚበጠስ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፥ የውጭኛው መዝጊያ ጡንቻ ሳይቀር ተጎድቶ ሰገራቸውን መያዝ የተሳናቸው ተገኝተዋል፤ ይህ ሥራ ፈጽሞ ሊተው ይገባዋል ብዬ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የደቡብ አፍሪቃው አይዘንሃመር እ.ኤ.አ. በ1951 የውስጠኛውን ጡንቻ ለይቶ መቁረጥን አስተማረ፤ ከበስተኋላ በስንጥቁ ላይ የተቆረጠው ግን ሲሽር ጎድጓዳ ጠባሳ እየተወ በዚያ ፈሳሽ ስለሚያመልጥ፥ ቆረጣው ወደ ጎን ተዛወረ፤ ኖታራስ የተባለ ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ1969 ከቆዳ በታች በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ከጎን መቁረጥን ገለጸ።

ይህ የጎን ቆረጣ እስከ ዛሬ ድረስ የፈውሱ ኃይል ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ነው፤ ከ100 ሕሙማን ከ90 የሚበልጡት ይድኑበታል፥ ሕመሙም ብዙዎቹን በጥቂት ቀን ውስጥ ይለቃቸዋል። ዋጋው ግን ሊሸሸግ አይገባም፤ የተቆረጠው ጡንቻ ወደ ጥንተ ኃይሉ ስለማይመለስ፥ አንዳንዶች ነፋሳቸውን መያዝ ይሳናቸዋል፥ ወይም ልብሳቸው ይቆሽሻል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት ቢሻላቸውም፥ ዕድሜ ልክ የማይለቃቸውም አሉ። አስተዋይ ሐኪም ከስንጥቁ ርዝመት አልፎ የማይቆርጠው ስለዚህ ነው።

ጡንቻው ሳይቆረጥ የሚላላበትም መንገድ አለ። ቦቱሊነም የተባለው መርዝ እጅግ በጥቂቱ ተመጥኖ በመርፌ ሲገባ ጡንቻውን ለ3 ወር ያህል ያላላዋል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ጡንቻው ይመለሳልና ጉዳቱ አይዘልቅም፥ ፈውሱ ግን ከቆረጣው ያንሳል፥ ስንጥቁም ተመልሶ ይመጣ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ከአጠገቡ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ከደም ሥሩ ሳይለዩ ስቦ ቁስሉን መሸፈን ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ውሃና ገለባው ያልተለየ እህል፥ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፥ ናይትሮግሊሰሪን ወይም ዲልቲያዜም ያለበት ቅባት ለ6 ወይም ለ8 ሳምንት ይሞከር፤ ናይትሮግሊሰሪኑ ራስ ቢያሳምምም ቢላዋን የሚያስቀርለት ሰው አለና። ይህ ሁሉ ካልረዳ፥ ጡንቻው ብርቱ ለሆነና ቀድሞ ላልተቀደደ ሰው የጎን ቆረጣን እመርጣለሁ፤ ፈውስን እያወቁ በሥቃይ ማዘግየት ርኅራኄ አይደለምና።

በምጥ ብዙ ተጨንቃ ለወለደች እናት ግን ፍርዴ ሌላ ነው፤ በወሊድ ጊዜ ተቀድዶ ሳይሰፋ የቀረ ጡንቻ ሳያሳውቅ ደክሞ ይኖራልና፥ በጎን የሚጨመረው ቁራጭ የቀረውን ኃይል ይወስድባታል። እንግዲህ ሐኪሙ «በወሊድ ተቀድደው ነበርን? ነፋስ ሳያውቁት ያመልጥዎታልን?» ብሎ በስውር ክፍል ይጠይቃት፥ መልሷንም በመዝገቧ ላይ ይጻፍ፤ «አዎን» ካለችም ጡንቻዋ አይነካ፥ በመርፌው ወይም በቆዳው ሽፋን ትታከም።