ስንት ወጣ?
በአሊዩ አምባ ለሙያ ሥልጠና ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ሮኬት ነው። ትልልቅ መንግሥታት በቢሊዮን ብር የሚያመጥቁትን ትቼ፣ ተማሪዎች፣ የጋራዥ ባለሙያዎችና ጡረታ የወጡ መምህራን በትርፍ ጊዜያቸው፣ ከኪሳቸው አውጥተው ስለሚሠሩት ሮኬት።

ይህን ቃል እዚህ ማንሣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አጣዬና ሸዋ ሮቢት፣ በአጠቃላይ የይፋት ቆላ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በግጭትና በጦርነት ምን እንዳሳለፈ እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች ለእኔ ትነግሩኛላችሁ እንጂ እኔ ለእናንተ አልነግርም። በታሪካችንም ሮኬት የሚነሣው ከሐዘን ጋር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በታች፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሮኬተኞች በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ተኩሰዋል። የጦር አዛዣቸው ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁት በዚያ ቀን ነው። ንጉሡ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ የተመኙት ዕውቀቱ በአገራቸው እጅ እንዲገባ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን ቀድሞ ከላያቸው ወረደባቸው።

ታዲያ ለምን ላንሣው? ምክንያቱም ይኸው ዕውቀት ሌላ መልክ አለው፤ ያንን መልክ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ጦረኛ ሮኬቱን ሲተኩስ የሚጠይቀው የት እንደሚወድቅ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው ሮኬት የሚሠሩት ሰዎች ጥያቄ ሌላ ነው፤ ስንት ወጣ? በደኅና ተመለሰ? የሙያው ሕግ ሁሉ ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይመነጫል።

አንድ ታሪክ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሮኬት ላቦራቶሪ አላቸው። ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ አካሉን፣ ኤሌክትሮኒክሱን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ገና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያልያዙ ልጆች። ህልማቸው የጠፈር ድንበር ተብሎ የሚታወቀውን 100 ኪሎ ሜትር ማለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ትራቨለር 3 የተባለውን ሮኬታቸውን ወደ ኔቫዳ፣ ብላክ ሮክ ወደሚባለው ደረቅ የሐይቅ ወለል ይዘው ሄዱ። ሞተሩ ተቀጣጠለ፤ ሮኬቱ ተፈተለከ፤ ከዓይን ተሰወረ። ነገር ግን ከመተኮሱ በፊት ከፍታውን የሚመዘግበውን መሣሪያ ማብራት ተረስቶ ነበር። ፓራሹቱ እንዲዘረጋ የሚያዘውም ያው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሮኬቱ በደኅና አልተመለሰም፤ ስንት እንደወጣም የሚመሰክር ቁጥር አልተገኘም። ምናልባት ጠፈር ደርሶ ይሆናል። ልጆቹ ግን «ደርሰናል» አላሉም፤ ማስረጃ የላቸውማ!

ልብ በሉ፣ የብዙ ወራት ድካም ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ተመልሰው አለቀሱ አላለቀሱ አላውቅም፤ የማውቀው እንደገና መሥራታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2019 ትራቨለር 4ን በኒው ሜክሲኮ አስወነጨፉ፤ 103.6 ኪሎ ሜትር ወጣ። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ከዚያ በኋላ የጻፉት ነው። ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም በአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሳሳት እንደሚችል፣ ድንበሩን ማለፋቸውንም እርግጠኛ የሆኑት 90 በመቶ ብቻ መሆኑን ራሳቸው አስታወቁ። በድል ቀን የጥርጣሬያቸውን መጠን በቁጥር ጽፎ የሚያወጣ ወጣት ምን ያህል ያኮራል! ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 አፍተርሾክ 2 በተባለ ሮኬት ከ143 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቷል።

ከፍታን መለካት ለምን ይከብዳል? ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን የወጣ ሰው አየሩ እየሳሳ መሄዱን በትንፋሹ ያውቀዋል። የትንንሽ ሮኬቶች መለኪያም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የአየሩን ግፊት ያነብና ወደ ሜትር ይለውጠዋል። ሠላሳና አርባ ኪሎ ሜትር ላይ ግን የሚነበብ አየር አይቀርም ማለት ይቻላል። በገበያ የሚገኘው ጂፒኤስም አብዛኛውን ጊዜ ከፍታውና ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ሥራውን እንዲያቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለሚሳይል እንዳይውል። ስለዚህ ሮኬቱ እንዴት እንደፈጠነ ቅጽበት በቅጽበት መዝግቦ፣ ከዚያ ከፍታውን በሒሳብ ማውጣት ግድ ይላል። የሙያው ጥበብ እዚህ ላይ ነው።

መመለሱም ጥበብ ይጠይቃል። ጫፍ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ትንሽ ፓራሹት ይዘረጋል፤ ትልቁ የሚከፈተው መሬት ሲቃረብ ነው፤ ያለዚያ ነፋስ ወዲያ ማዶ ይዞት ይሄዳል። ያንን ፓራሹት የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል። አካሉን የሚገጥም ብረት ሠራተኛ፣ ሽቦውን የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጋል። ዛሬ የያዛችሁት የምስክር ወረቀት ከዚህ ሥራ የራቀ አይደለም። በቦንጋ የተወለዱት ዶክተር ቅጣው እጅጉ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነው የተማሩት፤ ከዚያ ጃፓን፣ ከዚያም አሜሪካ ሄደው በናሳ የመንኮራኩር መሐንዲስ ሆኑ። መነሻቸው እንደ እናንተ የሙያ ትምህርት ነበር።

የዚህ ሥራ ፈተናው ግን ቴክኒኩ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በቤይሩት፣ በሃይካዝያን ኮሌጅ፣ ማኑግ ማኑጊያን የተባሉ ወጣት መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ሮኬት መሥራት ጀመሩ። አገሪቱ ትንሽ፣ ኮሌጁ ትንሽ፣ ገንዘባቸውም ትንሽ ነበር። ሴዳር 4 የተባለው ሮኬታቸው በቴምብር ላይ እስኪታተም ድረስ አገር ኮራባቸው። ቀስ በቀስ ግን የጦሩ ፍላጎት ሥራው ውስጥ ገባ፤ ጎረቤት አገሮችም ሠጉ፤ ፕሮግራሙ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ቆመ። ሰላማዊውን ጥያቄ አጥብቆ ካልያዙት ሌላው ጥያቄ ይተካዋል።

በአገራችንም ነገሩ ባዶ አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ክበባት እንዲቋቋሙ ሠርቷል፤ እንጦጦ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ምሕዋሯ ገብታለች። የወጣችው ግን በቻይና ሮኬት ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ ሳይሆን የቀረውን ሥራ ለማሳየት ነው።

አሊዩ አምባ ደግሞ መለኪያ የሚያውቅ ከተማ ነው። ከታጁራ በረሃ አቋርጦ ወደ አንኮበር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ እዚህ ያራግፍ ነበር። ጎኑ የተሸረፈ አሞሌ ጨው ዋጋው እንደሚቀንስ የዚህ ገበያ ሰው ሳይነገረው ያውቅ ነበር። በዓይን ግምት አይታለፍም፤ ይመረመራል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ባሩድ እንዳትነኩ! ኬሚካል ቀላቅሎ መሞከር ጣትና ዓይን ያስከፍላል፤ ያለ ፈቃድም ወንጀል ነው። በውሃ ጀምሩ። ባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ፤ የሃይላንድ ውሃው ጠርሙስ ስስ ስለሆነ አይሆንም። ሲሶውን ውሃ ሙሉት፣ በካርቶን ሦስት ክንፍ ሥሩለት፣ አፉን በጎማ ውተፉና በብስክሌት መንፊያ አየር ሙሉበት። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፣ ራቅ በሉ። ውሃው ወደ ታች ሲገፋ ጠርሙሱ ወደ ላይ ይወነጨፋል። አንዳችሁ 100 ሜትር ርቃችሁ፣ በፕሮትራክተርና ጠጠር በታሰረበት ክር ጫፉን አነጣጥሩ፤ 45 ዲግሪ ካነበባችሁ 100 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ 30 ዲግሪ ከሆነ 58 ሜትር ገደማ። ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። ያልተሳካውንም ጻፉ።

ለመምህራንና ለወረዳችን አመራሮችም ልመና አለኝ። ለእነዚህ ልጆች ከሰውና ከከብት ነፃ የሆነ አንድ ሜዳ ለይታችሁ ስጧቸው። ከመተኮሳቸው በፊት ለአካባቢው ሰውና ለፀጥታ አካላት ይነገር፤ በዚህ ቀበሌ ድንገት በሚሰማ ድምፅ የምትደነግጥ እናት መኖር የለባትም። ወላጆችም ልጃችሁ ጠርሙስና መንፊያ ይዞ ሲወጣ አትከልክሉት፤ ሲመለስ ስንት እንደወጣ ጠይቁት፤ ደብተሩንም አሳየኝ በሉት።

እንኳን ደስ አላችሁ!