በሽተኛው የማያያቸው ሐኪም
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በክፍላችን ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ሞልቷል። ምን ዓይነት ሐኪም ቢባል ግን ሁሉም መድኃኒት የሚያዘውን ወይም ቀዶ የሚያወጣውን ያስባል። እኔ የምናገረው ከሰውነት የተቆረጠውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ መርምሮ የበሽታውን ስም ስለሚለየው ሐኪም፣ ስለ ፓቶሎጂስት ነው። አንድ ጓደኛዬ «በሽተኛ ሳያዩ ምን ሕክምና አለ?» ብሎኛልና፣ የፕሮፌሰር ዶሮቲ ራስል ሥራ ይመልስለት።

ፕሮፌሰር ራስል በ1895 በአውስትራልያ፣ በሲድኒ ከተማ ተወለዱ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ዘመድ ተላኩ። ከካምብሪጅ ቀጥሎ ሕክምናን በለንደን ሆስፒታል ተማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሴቶች በር ከከፈቱት የለንደን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በ1920ዎቹ መልሰው ዘግተውታል፤ እሳቸው በዚያች አጭር ጊዜ የገቡ ናቸው።

የአንጎል እጢ ነገር እንዲህ ነው። ሜኒንጂዮማ የሚባለው ከአንጎል መሸፈኛ ላይ ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜም ተጠርጎ ይወጣል። ግሊዮማ ግን ከራሱ ከአንጎል ውስጥ ይነሣና እንደ ሰርዶ ሥር በጤናማው መካከል ይሰራጫል። ሁሉንም ቆርጬ ላውጣ የሚል ሐኪም በሽተኛው የሚናገርበትን ወይም የሚራመድበትን አብሮ ሊያወጣበት ይችላል። አንዳንዴም እጢ የመሰለው መግል ሆኖ ይገኛል። ለዓይን እነዚህ ይመሳሰላሉ። ራስ ቅሉ ተከፍቶ ሐኪሙ ቢላዋውን እንደ ያዘ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል፣ በተለመደው መንገድ ሥጋው በሰም ውስጥ ገብቶ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ መልሱ እስኪመጣ ቀናት ያልፋሉ።

ፕሮፌሰር ራስል ከቀዶ ጥገና ሐኪሞቹ ከሂዩ ኬርንስና ከሁጎ ክራየንቡል ጋር በ1937 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን ችግር የሚመለከት ነው። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቁራጭ በሁለት መስተዋት መካከል ተጨፍልቃ፣ ሳትደርቅ ቀለም ተቀብታ በጥቂት ደቂቃ ትነበባለች። በአሜሪካ ሉዊዝ አይዘንሃርትና ሃርቪ ኩሺንግ በተመሳሳይ ሐሳብ ቀድመዋቸው ነበር፤ ይህንም መናገር ይገባል።

በዚያች ደቂቃ ስም ለመጥራት ግን ብዙ ዓመት ማየት ያስፈልጋል። እሳቸው ከ1928 ጀምሮ በቦስተን፣ በኋላም በሞንትሪያል ከዋይልደር ፔንፊልድ ዘንድ የተማሩትን ይዘው በለንደን ሲያነጻጽሩ ኖሩ። በ1946 ፕሮፌሰርና የፓቶሎጂው ተቋም ኃላፊ ሆኑ። በ1959 ከሉሲየን ሩቢንስታይን ጋር ስለ ነርቭ ሥርዓት እጢዎች ያወጡት ትልቅ መጽሐፍ የሙያው ሰዎች ለብዙ ዘመን ጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩት ነው። በ1960 ጡረታ ወጡ፤ በ1983 ዐረፉ።

ዛሬ ዐይን ብቻውን አይበቃም። ከ2016 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት የግሊዮማን ስም ከሴሉ መልክ ጋር በጂን ለውጥ ጭምር እንዲለይ አድርጓል፤ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት እጢዎችም በዚህ ተለያይተው ተገኝተዋል። የጂኑ ምርመራ ውጤት ግን ብዙ ጊዜ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ራስ ቅል ከፍቶ ለሚጠብቀው ሐኪም የመጀመሪያው መልስ ዛሬም በብዙ ሆስፒታሎች የሚላከው ከተጨፈለቀች ወይም ፈጥና ቀዝቅዛ ከተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ ተነብቦ ነው።