ስለ መኪና መብራት ለነዋሪው የተደረገ ንግግር



ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት በመሀላችን ያልፋል። ማታ ከብት ሲገባ ሾፌሩ ረጅም መብራት ለቆብን ስንቴ ዓይናችንን ይዘን ቆመናል! መኪና የምትነዱ ስሙን።

በብዙዎቹ መኪኖች ከመሪው ሥር በስተግራ ያለው እጀታ ጫፉ አንዴ ሲዞር ፓርኪንግ የሚባለው ትንሹ መብራት፣ ሁለቴ ሲዞር ዋናው የፊት መብራት ይበራል። እጀታውን ወደ ፊት ስትገፉት ረጅም ይሆንና ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊ ምልክት ትበራለች። ሰማያዊዋ በርታ ሳለ ሰው ወይም መኪና ከፊት ከመጣ እጀታውን ወደ ራሳችሁ መልሱት፤ አጭር ይሆናል።

የዳሽቦርዱ ብርሃን ራሱ ሲበዛ የውጭውን መንገድ ያጨልምባችኋል። መቀነሻ ካለው ቀንሱት፤ ይህን ብዙ ሾፌር ልብ አይለውም። ባለሦስት ማዕዘኑ ቀይ ምልክት ያለበት ቁልፍ ሲጫኑት ፍሬቻው ሁሉ ባንዴ ብልጭ ድርግም የሚለው ለተበላሸ መኪና ነው እንጂ ለሙሽራ ማጀቢያ አልተሠራም፣ አትቀየሙን።

እግረኞችም ብንሆን፣ ሁለት መኪና ሲተላለፍ የሾፌሩ ዓይን ስለሚጭበረበር አያየንም። እስኪያልፉ ድረስ ልጆቹንና ከብቱን ከዳር እንያዝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ